ሐሙስ

ስትሮኩ ሲያልፍ፣ ከቃላትህ ጎተራ
አንዲት ፍሬ ጥሎ፣ የቀረውን አዝመራ
ጠራርጎ ወሰደው።

«ማን ይባላል ስምህ?» ሐኪሙ ሲጠይቅ፣
«ሐሙስ» አልክ በኩራት፣ ሳትሳሳት፣ ሳትስቅ።
«ይህችስ ሴት ማን ነች?» ወደኔ ጠቆመ፤
«ሐሙስ» አልክ፤ ከንፈርህ በግማሽ ጠመመ።
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ኤርሚንዳ ተብዬ የተጠራሁ፣
የሳምንት አንድ ቀን ሆኜ ቤቴ ገባሁ።

ጨው ስትፈልግ ሐሙስ። ነፋሱ ሲበዛ ሐሙስ።
ድመቷን ስትቆጣ፣ ሬዲዮው ሲያንኮሻኩሽ፣ ስታለቅስ።
ቀስ በቀስ ለየሁት፦ ጠበቅ ሲል ውሃ ጠምቶህ፣
ሲረዝም እግርህን ቆርጥሞህ፣
ሳትጨርሰው ስትተወው፣ አፍረህ ነው፤ ሽንትህ መጥቶብህ።

የዶሚኖ ጓደኞችህ ሁለት እሑድ መጡ፤ እንደ ደንቆሮ ጮኸው አናገሩህ፤
በሦስተኛው ዝናብ ነው አሉ። ዴሜትሪዮ ብቻ መጥቶ ጠጠሩን በዝምታ ደረደረልህ።

ጠዋት ጠዋት አጥብሃለሁ፣ በብብትህ፣ በጣቶችህ መሃል፤
ክንድህ ከእጅጌው ሲወጣ፣ እንደ ራሰ የመርከብ ገመድ ይከብዳል።
ስድስት ኪኒን እቆጥራለሁ፤ ጥፍርህን እቆርጣለሁ፤
መብራቱን አጥፍቼ፣ አስታማሚ ሆኜ እተኛለሁ።
ሚስትህ የት እንደገባች፣ እኔም አላውቅም፤
አልጋው ያውቅ ይሆናል፤ እሱም አይናገርም።

ከክሊኒኩ የሰጡን መጽሔት፣ ገጹ ሠላሳ ሁለት፣
ስለ ጨው ይመክራል፣ ስለ ደረጃ፣ ስለ ደም ግፊት፤
ስለ መሳም ዝም ብሏል።
ጡንቻህን የሚያሸውን ወጣት፣ ባስቲያንን፣
በረንዳ ላይ ይዤ ጠየቅሁት፦ «እኛስ... ማለቴ... መተቃቀፉን?»
ጆሮው እስኪቀላ አፈረ። የልጅ ልጄን ያክላል።
«ሴኞራ» አለኝ፣ «ልቡ ደህና ነው። ቀስ እያላችሁ፣ ይቻላል።»
ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ደረጃውን ስወርድ እንደ ኮረዳ ስቄ፣
መሃል ላይ አለቀስኩ፣ የመደገፊያውን ብረት አንቄ።

ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ በቀኝህ ነው የምተኛው፣
ባሕሩ እንዲታየኝ፤ አንተ ነህ መስኮቱን የሰጠኸው።
አሁን ቀኝህ አይሰማም። ሦስት ወር ጣቶችህን ይዤ አመሸሁ፤
ሰው የሌለበት ቤት በር እንደማንኳኳ ቆጠርኩት፤ ታከተኝ፤ ተውኩ።
አንተም ፊትህን ወደ ግድግዳ አዞርክ፣ የከንፈርህን ምራቅ ደብቀህ።
ጠላኝ አልኩ በልቤ። ተጸየፈችኝ አልክ በልብህ።

«ሁለቱ ፉርጎዎች» ትል ነበር፣ የቫልፓራይሶን የገመድ ባቡር ስትነዳ፣
«አንዱ ካልወረደ፣ ሌላው ዳገቱን አይወጣም፣ ኤርሚንዳ።»
ሠላሳ ዓመት ሰማሁት፤ የሥራ ወሬ መስሎኝ።
ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት፣ ጭጋጉ ከወደብ ሲወጣ፣ እንቅልፍ ሲነሳኝ፣
ትራሴን ታቅፌ በግርጌ በኩል ወጣሁ፣ በጉልበቴ ዳክሬ፣
በግራህ ገባሁ፣ በአንተና በግድግዳው መሃል፣ እንደ ደብዳቤ ታጥፌ፣ ታጥሬ።
ፊትህን ወደ ግድግዳ ስታዞር፣ ግድግዳው እኔ ነበርኩ።
ግራ እጅህ መጣ። የአንገቴን ጠባሳ አገኘው። ዝም አልኩ።

እጅህ ጀማሪ ነው፤ የሌሊት ልብሴን ቁልፍ ቀኝህ ነበር የሚፈታው፤
አንዱ ተበጥሶ ከአልጋው ሥር ተንከባለለ፤ ሳቅን፤ እስካሁንም አልፈለግነው።

«ሐሙስ» አልከኝ፣ ጆሮዬ ሥር።
ማክሰኞ ነበር።
አላረምኩህም።