የቤቱ ቀንዶች

ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ፣ ኒያሜ ሆኜ፣
ሃያ ከረጢት ሲሚንቶ በካሚዮን ጭኜ
ላክሁት ወደ ዚንደር፦ «አባ፣ ያያቶች ቤት
እስከ መቼ በጭቃ ይለሰን በየዓመት?
ግራጫ አልብሰው፤ ዘመኑን ይምሰል።»
አለበሰው እሱም፤ የልጁ ቃል አይደል።

ሁለት ክረምት ቆመ፤ መንደሩ ቀናበት።
በሦስተኛው ዝናብ ደወለ በሌሊት፦
«ግድግዳው ተኛ» አለኝ። «ወደቀ» አላለም።
«ውሃው ገባ እንጂ መውጫ አላገኘም፤
ቆዳው ድንጋይ ሆኖ ሥጋው ውስጥ ውስጡን ራሰ።»
ይህን ብሎ ዝም አለ። እኔንም አልወቀሰ።

ግንበኛው ባባ ታንኮ ፍርስራሹን ጭሮ
አንድ ቱባሊ አወጣ፣ እንደ ሽንኩርት ዞሮ
ጫፉ ላይ የሾለ የጥንት የጭቃ ጡብ፤
አምስት ጣት ታትሞበት፣ እንደ ትናንት ቅርብ።
«ያያትህ ነው» አለኝ፤ «ወይም ያያቴ ነው፤
ጭቃ የሚያቦካ ሰው ስሙን መች ሊጽፈው።»
ልቀበለው ስል ግን ከጉድጓዱ ጣለው፣
ካዲሱ ጭቃ ጋር በእግሩ ረገጠው።
«ሙዚየም ይገባል!» ብዬ ብጮህበት
ሳቀ፦ «ጭቃ ተቀምጦ ምን ይሠራል?
ይቦካል፣ ይሆናል እንደገና ቤት።»

አርክቴክቷ ሁሬራ፣ የቆዳ ፋቂው ልጅ፣
ንድፏን ዘረጋች ካቧራው ላይ በእጅ።
ጣሪያው ላይ የቆሙት የቤቱ ቀንዶች
ውስጣቸው ይቦርቦር፣ ሙቀት ይውጣ አለች።
«ቀንድ የማዕረግ ነው፤» ታንኮ ተቆጣ፣
«ካያቶቻችን ቀንድ ነፋስ መቼ ወጣ?»
«ቀንድስ ይነፋ የለ?» አለችው ፈጥና።
ሦስት ቀን አኮረፈ፣ ሻይዋንም ናቀና።
በአራተኛው ቀትር ጣሪያ ላይ ወጣና
አንዱን ቀንድ ገነባው፣ ውስጡን ባዶ ትቶ፤
መዳፉን ከአፉ ላይ ዘረጋ አስጠግቶ፣
ቆየ።
ምንም አላለ።
ሁለተኛውን ጀመረ እያፏጨ፣
ከንድፏ ላይ አንድ ክንድ አስረዝሞ።

አሁን አባቴ ሲደውል ስለ ብር አያነሣም፤
«እግርህን ላክ» ይላል፤ «ጭቃው አልተረገጠም።»
እሄዳለሁ። ከጎረቤት ልጆች ጋር ሱሪ ሰብስበን፣
የግራር ፍሬ ቅርፊት በጋን ዘፍዝፈን፣
በቀዩ ውሃ አሽተን፣ ግድግዳ ለስነን፣
ከሰዓት እንተኛለን ቀንዱ ከሚነፍስበት ክፍል።
ሰኞ ኒያሜ ገብቼ፣ ከቢሮው ጠረጴዛ ሥር
ካልሲዬን በስርቆት ዝቅ ሳደርገው
የማሽላ ገለባ፣ በጣቶቼ መሃል፣
ደርቆ ያሳክከኛል።