ማግኔት በክር

ሻርጃ፣ ሰናዒያ፤ የነሐሴ ጧት፤
ላሜራ የሚጋግር ገና በሁለት ሰዓት።
በጭነት መኪና ጀርባ፣ ሸራ ተከናንባ፣
ክራይስለሯ ወረደች፣ በካቦ ተስባ።
ልጅየው፣ ሁመይድ፣ ቁልፉን በጣቱ ያሾራል፤
«የስልሳ አንድ ናት፣ የአባቴ፤ እጅ አልነካት» ይላል፤
«ቀለሟ የፋብሪካ። ሐሙስ ገማች ይመጣል።»

ሸራው ሲገፈፍ መጀመሪያ ያየሁት ክንፏን ነው፦
ከበሩ እጀታ ጀምሮ፣ እየሾለ፣ እየሳሳ፣
ከኋላ መብራቷ በላይ አየር ሊሰነጥቅ የተነሣ።
የፊት መብራቶቿ ጥንድ ጥንድ፣ ሰያፍ ተሰክተው፣
ቅንድቧን ሰቅላ «ማነህ አንተ?» የምትል ሴትዮ አስመስለዋታል።
ፍርግርጓ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ፣
መሀሉ ላይ መስቀለኛ ብረት፣ አቧራ የጠጣ።

ማርሿን ስፈልግ እጄ ባዶ ቀረ፤ ዘንግ የላትም።
ከመሪው በስተግራ እንደ ድሮ ሬዲዮ
ቁልፎች ተደርድረዋል፤ ተጫን፣ ሂድ።
ወንበሮቿ ወደ በሩ ይዞራሉ፣
ቀሚሷን ሰብስባ ሴት በወግ እንድትወርድ፤
ለዲትሮይት እመቤቶች የታሰበው
ዕድሜውን ሁሉ ለአንድ ሽማግሌ ከንዱራ አገለገለ።

ኮፈኑን ከፈትሁ።
ሁለት ካርቡራተር፣ አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከወዲያ፣
የዚህኛው ትንፋሽ ሞተሩን ተሻግሮ የማዶውን የሚመግብ፣
ቧንቧዎቹ ክንድ ለክንድ እንደ ተያያዙ ወንድማማቾች።
ሽቦውን አይጥ ቀርጥፎታል፤ ማርሚታው ወንፊት ሆኗል፤
ሳልባትዮው ውስጥ ቤንዚኑ ሬንጅ መስሏል፤
የወንበሩ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ከስፌቱ አሸዋ ያነባል።
ግን ክሮሙ!
ከዚህ የባሕር ጨው ጋር ኖሮ እንዴት ፊት ያሳያል?
አንድ ሰው በየማታው ሲወለውለው ኖሯል።

አሁን ወደ እንጀራዬ። ባቲላሜራ ነኝ።
ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ጋሽ ኑርዬ ያወረሰኝ
ዕቃ ኪሴ ውስጥ አለ፦ ትንሽ ማግኔት፣ በክር የታሰረ።
«ሰው ይምላል፣ ቀለምም ይምላል፤ ብረት ግን ብረትን ያውቃል»
ይለኝ ነበር፣ ጆሮው በመዶሻ የደነቆረ።

ኮፈኑ ላይ፦ ልጥፍ። በሩ ላይ፦ ልጥፍ።
ጣራው፣ የቀኝ ክንፏ፦ ልጥፍ።
የግራው ክንፍ ጫፍ ስደርስ
ማግኔቱ ሸተት ብሎ በክሩ ተንጠለጠለ።

ስቱኮ። የጣት ውፍረት ስቱኮ።
ሁመይድ ስልክ ላይ ነበር፤ አልነገርሁትም።
በብርጭቆ ወረቀት የአውራ ጣት ያህል ፋቅሁ፤
ቀይ፣ ከሥሩ ሌላ ቀይ፣ ቀጥሎ ነጭ ዱቄት፣
ከዚያ ብረቱ፣ የመዶሻ ዳና የሞላበት።
የመታው ግራኝ ነው፤ ያስታውቃል፤
ሙያ የሌለው፣ የቸኮለ፣ የፈራ።

ከሰዓት በኋላ አባትየው መጡ፣ በከዘራ።
ፍቄ ባጋለጥሁት ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።
«ኸልፋን» አሉ።
የሰው ስም መሆኑ ዘግይቶ ገባኝ።
«ታናሼ ነው። ሳያስፈቅድ ወሰዳት፤
ዳይድ፣ የቴምሩ እርሻ ውስጥ፣ ወደ ኋላ ነድቶ ከግንድ አጋጫት።
ሌሊቱን ራሱ ሲያቃናት አደረ፣
መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ እንዳልሰማው።
ጧት አየሁ። ዝም አልሁ።
ያላወቅሁ መስሎት ሞተ።»

ሁመይድ ስልኩን ዘጋ፤ «ያባ፣ ስቱኮ ካለ ዋጋዋ ይወርዳል።
ተፍቆ፣ ተቀጥቅጦ ይስተካከል፤ በሁለት ቀን ያልቃል።»
ሽማግሌው መልስ አልሰጡም፤ እኔን አዩኝ።

የፋቅኋትን ያህል ብቻ ቀይ በጥብጬ መለስሁ።
ከኋላዋ ቆሞ ላስተዋለ
የግራው ክንፍ ከቀኙ ግማሽ ጣት ዝቅ እንዳለ ነው።

ሐሙስ ገማቹ መጣ፣ ቁጥር በሚያወጣ መሣሪያ፤
እየለካ ዞረ፣ ዞረ፣ የግራው ክንፍ ላይ ሲደርስ ጮኸበት።
«እዚህ ጋ ሰው ነክቷታል» አለ።
ሽማግሌው ከዘራቸውን አስተካከሉ፤
«አዎ፣ ወንድሜ ነው» አሉት፣
ቆሞ እንዳለ ሰው እያስተዋወቁት።