ለአጸደ የተከፈተ መዝገብ

ሠላሳ ሁለት ዓመት መዝገብ ሳመላልስ፣
በክር ካሰርሁት ዕንባ አቧራ ስዳብስ፣
ማንም አልጠየቀኝ አንድ ቃል እንዳዋጣ፤
ዛሬ ግን ከላይ ቤት ትእዛዝ መጣ፤
«እጅህ ያምራልና የምስጋና ጻፍ፣
አምስት መስመር ይሁን፣ ከወርቅማው ጠርዝ እንዳያልፍ።
በነፃ ለቆሙት ለጠበቆቹ ነው፣
ዓርብ በአዳራሹ የምንሸልመው።»

ብዕሬን አነሣሁ። የኅዳር ውርጭ ነው፣
የደብረ ብርሃን ጧት ጣት የሚያደርቀው።
«በበጎ ፈቃድዎ...» ብዬ ጀመርሁና
አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ፤ ቃሉ ቀለለና።

እልፍነሽ ትባላለች፣ የሰላ ድንጋይ ሰው፤
ባሏን በቀበረች በአርባው ማግሥት ነው
ዋርሳዋ በሬውን ማሳዋ ላይ ያስገባው።
ቀበሌ ብትሄድ፣ «ማስረጃ» አሏት፤
ወረዳ ብትሄድ፣ «ነገ ነይ» አሏት፤
ነገም ብትመለስ፣ ወንበሩ ነው፣ ሰው የለበት።

«በሕግ አምላክ ብትይው፣ እንኳን የሰው ልጅ
ወራጅ ውኃ ይቆማል» ብሏት ነበር ወላጅ።
በሬሳ ዳር ቆማ ቃሉን ጠራችው፤
ውኃው እንደ ወትሮው ድልድዩን አለፈው።
«ለኔ» አለች፣ «ለኔማ ወንዝ እንኳ አይቆምም፤
የሚቆምልኝማ ያገር ሰው የለም።»

በፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊው
የአንድ ገጽ ዋጋውን ጮክ ብሎ ሲጠራው፣
መቀነቷን ፈትታ ቆጥራ አየችው፤
ያላት የመኪና መመለሻዋን ነው።
ያኔ ነው አጸደ ከባጃጅ የወረደች፣
ዚፑ የተበጠሰ ቦርሳዋን ያቀፈች።
«እናቴ፣ ምን ሆነሽ?» አለችና ቆመች።
ቆመች።
ወንዝ ያልሰማውን ቃል አንዲት ሴት ሰማችው፣
ጉልበቷን ጠረጴዛ አድርጋ ጻፈችው።

አያቴ ሲያወጉኝ፣ የጥንቱ ነገረ ፈጅ
ማር ያስይዝ ነበር፣ ኩታ አጣፍቶ በደጅ፤
የአጸደ ድምፅ ግን ከሳል አይበልጥም፣
አንቀጿን ቀስ ብላ ታነሣለች እንጂ አትዘልም፤
ዳኛው ነው ጎንበስ የሚልላት፣
ዝንቡም ነው ጸጥ የሚልላት።

ቅድስት ናት አልልም። ቁጡ ናት አጸደ፤
ገጽ ጎድሎ ያገኘች ለት ፊቴ ላይ ነደደ
ምላሷ። ቤቷም ኪራይ ነው፣ ያውም ያልተከፈለ፣
ባለቤቱ በየወሩ በሯን እየቆረቆረ።
ሕጉ ለዓመት ሃምሳ ሰዓት ነው የጠየቀ፤
የሷ ሃምሳ ግን መስከረም ሳይጠባ አለቀ።

ሰባት ቀጠሮ ነው። ክረምት ገባ፣ ወጣ፤
በስምንተኛው ላይ ዋርሳው መልስ አጣ።
ማሳው ተመለሰ፤ ሁሉም ግን አይደለም፣
የወንዙ ዳር ጥማድ ለሱ ነው፣ ይግባኝም የለም።

እልፍነሽ ባና አመጣች፣ የመንዝ በግ ጠጉር፤
«አልቀበልም» ስትል በሩ ላይ ክርክር፣
ሁለተኛ ሙግት ሆነ፣ ዳኛም አጣ፤
በእፍኝ ቆሎ ታረቁና ባናው በመጣበት ወጣ።

ዓርብ አዳራሹ ሞላ፤ ስሟ ተጠራ።
ጭብጨባው ያገኘው ባዶ ወንበር ተራ፤
እሷ አንኮበር ነች፣ ከአንዲት ልጅ ጋራ፣
የሦስት ዓመት ደመወዟን ከከለከሏት፤
ዳኛው ለዚያው ዓርብ ነው ቀጠሮ የሰጣት።

እኔም ወረቀቱን ይዤ መዝገብ ቤት ገባሁ፣
ቁጥር የሌለበት አቃፊ አወጣሁ።
«አመልካች» ከሚለው እልፍነሽን ጻፍሁ፣
«ተጠሪ» ከሚለው መስመሩን ባዶ ተውሁ።
«ውሳኔ» ላይ ሲደርስ እጄ ቆም አለ፤
ያ አምስት መስመሬ ዳግመኛ ቀለለ።
ሁሉንም ሰርዤ አንድ ቃል አኖርሁበት፦
«ቆማለች።»
ክሩን አሰርሁና ቋጠሮውን ግን አላጠበቅሁት፤
ማክሰኞ ትመጣለች፣
ገጽ ጎድሎ ካገኘች ወዮልኝ ያን ዕለት።