በባዶ ዓይን

«ማቄን ጨርቄን ሳይል ሄደ» ይላል ሰው፣ የፈጠነን ሲያወድስ፤
የእኔ እንጀራ ማቄን ጨርቄን ማለት ነው፣ ከጠዋት እስኪመሽ ድረስ።
ማቁ ወዲያ ምዕራፍ፣ ጨርቁ ወዲህ ምዕራፍ፣
ሃያ ሦስት ዓመት፣ አዳማ ጉምሩክ ደጃፍ፣
ሳገላብጥ ኖሬ፣ ሳጣጥፍ፣ ስዘረጋ፣
ስንቱን ጥቅል ሸኘሁ በስም፣ በዋጋ፤
ለወንጂ ስኳር ማጣሪያ፣ ለዱቄት ፋብሪካ ወንፊት፣
ድንኳን፣ ሸራ፣ የጎማ ቀበቶ፣ የፋሻ መዓት።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ነስሩ ትራንዚተሩ
አንድ ጥቅል አመጣ፣ አቧራ ለብሶ ፀጉሩ።
ሲፈታው መጋዘኑ በራ፣
የቀትር ፀሐይ እንዳገኘው አዲስ ቆርቆሮ ጣራ።
ስነካው ግን ጨርቅ ነው፤ ይታጠፋል፣ ይለሰልሳል፣
ጥፍር ሲጭረው ብቻ እንደ ብረት ያፏጫል።

«ለዘርፌ ነው» አለኝ፣ «ፍራንኮ ጀርባ ሽርጥ ለምትሰፋው።
ምድጃ ፊት ለሚቆሙ ልጆች፤ እሳት ቢተፋበት፣ መልሶ የሚተፋው።»
አንድ እጅጌ አወጣ ከፌስታል፣ «ይህን አሳየው» ብላ
የላከችው፤ ተራ ጥጥ፣ ከክርኑ በታች የተበላ።
እጅጌው ደንብ አይደለም። አንቀጽ የለውም። ወደ ፌስታሉ መለስኩት፤
ሽታውን ግን መመለሻ አጣሁለት።

ታሪፉን ገለጥኩ። ሰባ ስድስት፣ አሉሚኒየም፤ ግን ይሄ ክር አለው።
ሃምሳ ዘጠኝ፣ የተቀባ ጨርቅ፤ ግን ማስታወሻው አሰረው፦
ቅቡ በባዶ ዓይን ካልታየ፣ እንዳልተቀባ ይቆጠራል።
የቀለም ለውጥ አይቆጠርም። ደግሜ አነበብኩት። እንዲያው ይላል።
ብር መምሰሉ ቀለም ነው፣ ቀለም ደግሞ ምስክር አይሆን፤
ጠርዙን ገልጦ ማየት ነው፣ ክሩ ላይ የተኛውን።
ሰሙ ብረት፣ ወርቁ ክር፣ ያለ መምህር የመጣ ቅኔ፣
የሚፈታው ሰው ጠፍቶ፣ ፊርማው የቀረ ለእኔ።

ወደ መስኮቱ አነሣሁት።

አላየሁም።

ከከተማው በላይ፣ ነፋስ የሚያዞራቸው ነጫጭ ክንፎች፣
ድሮ እቆጥራቸው ነበር፤ አሁን የጭስ ክሮች።
ባዶ ዓይን ይላል ሕጉ። የእኔ ዓይን ባዶ አይደለም፤
ሞራ ለብሷል። እሱም ቅብ ነው። ለአለቃ አልተናገርኩም።
ውፍረቱን አላወቅኩ፣ ምዕራፉን አላወቅኩ፣
የሰው ጨርቅ ስመድብ የራሴን ደበቅኩ።

«ሌንሴ» ብዬ ጠራሁ። ዘንድሮ የተቀጠረች ልጅ ናት።
በስሟ ቀልጄ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ፈገግ አልኩላት።
ጠርዙን በምላጭ ገመሰች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፤
«ይታያል፣ ጋሼ። እዚህ ጋ።
ወተት ሲበርድ የሚያወጣው ስልባቦት፣ ልክ እንደሱ፣
ክሩ ላይ ተኝቷል፤ ስስ ነው፣ ግን አለ በራሱ።»

እጄን ላክሁ። ጣቴ ያውቀዋል፤ ይቀዘቅዛል፣ ይንሾካሾካል፤
ሕጉ ግን ጣትን አይጠይቅም፣ ዓይንን ብቻ ያምናል።

ቅጹ ላይ፣ ሁሌ «አየሁ» ብዬ በምጽፍበት ቦታ፣
ብዕሬ ቆመ አንድ አፍታ።
ከዚያ «ታይቷል» ብዬ ጻፍኩ።
ማን እንዳየው አልጠቀስኩ።
አማርኛ ቸር ነው፤ ባለቤት ሳይጠራ ግሥ ያቆማል፤
ባለቤት የሌለው ዕቃ ግን፣ በእኛ ቤት፣ ይወረሳል።

ነስሩ ጥቅሉን ጭኖ ሄደ፣ ባጃጅ ጣራ ላይ እያበራ።
ሌንሴ ቅጹን አነበበች፤ አንዴ ቅጹን፣ አንዴ እኔን፤ ከዚያ ዝም፣ ወደ ሥራ።

ከናሙናው የተረፈች ቁራጭ ኪሴ ውስጥ ቀርታለች፤
አሰላ መንገድ ድረስ፣ በተራመድኩ ቁጥር፣ ትንሾካሾካለች።