አንድ እግር ካልሲ

ቱሉ ዲምቱ፣ ከአደባባዩ ማዶ፣ የታክሲው ሰልፍ ጅራቱ ሲረዝም፣
አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሸራዬን እዘረጋ ነበር። ቦታው የእኔ አልነበረም፤
ሲመሽ ግን የእኔ ነው።

አራት ማዕዘን ሸራ፣ በአራቱም ጫፍ ገመድ፣
ሲሳብ ጥቅል የሚሆን፣ ትከሻ ላይ የሚወጣ፣ የሚሆን ለመንገድ።
እንዲህ ነው የኛ ሱቅ፤ በር የለው፣ መስኮት የለው፣
መዝጊያው ሁለት ክንድ ነው፣ ቁልፉ ሩጫ ነው።

በስተቀኜ ሸምሲያ፣ ቃሪያና ሎሚዋን በመደብ በመደብ ደርድራ፣
«ባለ ሃያ! ባለ ሃያ!» ትላለች፣ የጠፋ ልጅ እንደምትጣራ።
በስተግራዬ ጉደታ፣ የስልክ ልባስ፣ ቻርጀር፣ የጆሮ ማዳመጫ፤
ዓይኑ ሸቀጡ ላይ አይደለም፣ ዓይኑ በደንቦች መምጫ።
«መጡ!» ካለ መጡ ነው። ተሳስቶ አያውቅም ጉደታ፤
አንዴ ብቻ፣ የቆሻሻ መኪና አይቶ፣ አስሮጠን ማታ።
ስንመለስ የሸምሲያ ሎሚ በጎማ ተደፍጥጦ፣ ፈሶ ቀረ፤
አስፋልቱ፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ ሎሚ ሎሚ ሲል አደረ።

ያን ቀን ግን የእውነት ነበር።

ሴትዮዋ ተራዋን ለኋለኛው አደራ ሰጥታ፣
ጎንበስ አለች፤ ሲሚንቶ ያነጣውን እጇን ሻሿ ላይ ጠርጋ፣ አመንትታ።
«የአምስት ዓመት እግር የሚሆን አለህ?» ፈለግሁ፣ አነሣሁ፤
ቡናማ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቢጫ ዳክዬ ያለበትን አወጣሁ።
«ሰኞ ኬጂ ልትገባ ነው» አለችና አንዱን እግር ከአንዱ ለየች፤
ካልሲ በጡጫ ነው የሚለካ፤ እሷም ጨበጠች፤
ግን ጡጫው የሷ ነው፣ ልጅቷ ቤት ናት። ቆም ብላ አሰበች፣
ጣቶቿን ወደ ውስጥ አጠፈች፣ አጠፈች፣
የራሷን ጡጫ የልጇን ያህል አሳነሰች።

«ስንት ነው?»
«ሃምሳ።»
ሁለት መቶ ብር፣ አራት ቦታ የታጠፈ፣
ፈትቼ፣ መልስ ልቆጥር እጄ ወደ ደረት ኪሴ ሲያልፍ፣
«መጡ!»

እግሬ አውጪኝ።
አራቱ ገመድ በአንድ መዳፍ፣ ሱቄ ጀርባዬን እየደበደበ፣
ቦዩን ዘለልኩ፤ ከኋላዬ የማን እንደሆነ እንጃ፣ ድንች ተንከባለለ፣ ዘነበ።
ብሎኬት ማምረቻው ጓሮ፣ ትንፋሼ ሲመለስ፣ ሸራዬን ፈታሁ፤
ሁሉም ከጥንዱ ጋር ተኝቷል፤ አንዱን ብቻውን አገኘሁ።
አንድ እግር። አንድ ዳክዬ።
በሌላው እጄ ሁለት መቶ ብሩ፣ ላብ ያራሰው፤
እኔም ዕቃውን በግማሽ የሸጥኩ፣ መልሱን ይዤ የጠፋሁ ሰው።

ተመለስኩ። ሰልፉ አለ። እሷ የለች።
መንገዱን ሙሉ ረግማኝ ይሆን? ወይስ አንድ እግር ይዛ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሳቀች?

ሦስት ዓመት ሆነው።
አደባባዩ ታጠረ፣ ሣር ለበሰ፤
ገበያችንም እኛን ተከትሎ ወደ ኮዬ መታጠፊያ ፈለሰ።
እኔ ግን ያቺን አንድ እግር በየማታው ከሸራው ጥግ አኖራለሁ።
«ይቺስ ስንት ናት?» ሲሉኝ «ባለቤት አላት» እላለሁ።
ጉደታ ይስቃል፤ «ባለ አንድ እግር እስኪመጣ ነው?» ይለኛል።
ሸምሲያ አትስቅም። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ትላለች፣ ሎሚዋን እየደረደረች፤ ይበቃኛል።

ንግድ ፈቃድ የለኝም። ደረሰኝ ቆርጬ አላውቅም።
በመንግሥት መዝገብ አልተጻፍኩም፣ ማንም ስሜን አይጠራም፤
በአንዲት እናት ልብ ግን፣ እንደ ሌባ ይሁን እንደ ባለዕዳ፣ ተጽፌአለሁ፤
ደረሰኜ ይቺ ናት፤ ይዣት እዞራለሁ።

ትናንት፣ ዝናብ ሰልፉን በትኖት፣ ገበያ ቀዝቅዞ፣ ሂሳብ ሠራሁ።
መቶ ሃምሳው ብር ያኔ የሚገዛውን ዛሬ አይገዛም።
ልጅቷም ስምንት ሞልቷታል።
ከአዲሱ ጥቅል የስምንት ዓመት ጥንድ መርጬ፣ ከዳክዬዋ ጎን አስቀመጥኩ።
ከዚያ፣ ማንም ሳያየኝ፣ አሮጌዋን አንሥቼ ጡጫዬ ላይ ጠቀለልኩ፤
ጣቶቼን ወደ ውስጥ አጠፍኩ፣ አጠፍኩ፤
ጡጫዬን ላሳንሰው ሞከርኩ።

እምቢ አለኝ።