ሦስተኛ ወገን

ኪሪያት ጋት ከገበያው በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ቢሮ፣
አባቴ ኮቱን ቆልፎ፣ ፀጉሩን በውሃ አበጥሮ፣
ቁልፉን ጨብጦ በመዳፉ፣ ሊብሬውን በጉልበቱ፣
ሲግሊት ፊት ቁጭ ብሏል፤ እኔም አለሁ፣ አንደበቱ።
ሱባሩዋ ከታች ቆማለች፣ ባለ ቢጫ ታርጋ አሮጊት፣
ትናንት በስሙ የዞረች፣ በፖስታ ቤቱ መስኮት።

«የመንዳት ልምድ?» አለች ሲግሊት፣ ዓይኗን ከኮምፒዩተር ሳትነቅል።
«ሠላሳ አንድ ዓመት» አለ አባቴ፣ «ከጎንደር ሽሬ ቁልቁል፣
በኤንትሬ፣ ጤፍ ጭኜ፣ ሊማሊሞን በጨለማ፣
ይርዳው የሚባል ረዳቴ፣ ድንጋይ ይዞ ከኋላ ጎማ።
ፍሬን እንቢ ያለኝ ሌሊት፣ በአንደኛ ማርሽ አውርጃት፣
ተራራውን እያከክሁ፣ ከአፈር ቁልል ሰክቼ አቆምኳት።
አንድ ፍየል እንኳ አልገጨሁም።»

እኔ ተረጎምኩ፦
«ሠላሳ አንድ ዓመት። አደጋ የለም።»

«የት አገር?»
«ኢትዮጵያ።»
ጣቷ ፊደሉ ላይ ቆመ።
«ደብዳቤ ካላችሁ አምጡ፣ ከቀድሞው መድን ድርጅት፤
ያለዚያ ልምዱ ዜሮ ነው፣ አዲስ ነጂ ነው በእኛ ቤት።»

ዜሮን መተርጎም አላስፈለገኝም።
አባቴ በመስታወቱ ላይ አያት፤ እንደ መሪ ክብ ናት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የጨበጣት።
ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ፦
«ሊማሊሞ ደብዳቤ አይጽፍም፣ ማኅተምም የለውም፤
ያልገባሁበት ገደል ደግሞ፣ ምስክር ሆኖ አይቆምም።»
ይህን አልተረጎምኩም።

«ሙሉ ነው፣ ወይስ ሦስተኛ ወገን?»

«ሦስተኛ ወገን?» አለ አባቴ፣ ቃሉን ባፉ አገላብጦ።
«አንዱ ወገኔ ጎንደር ነው፣ ቪዛ ሲጠብቅ ያረጀ፤
ሁለተኛው እዚህ ተወልዶ፣ ካማርኛዬ ጋር የተፋጀ።
ሦስተኛውን ማን ወለደው?»

«የማታውቀው ሰው ነው አባዬ፤ መንገድ ላይ ብትገጨው...»
«አልገጨውም» አለ።
ከዚያ ደግሞ፣ ቆየት ብሎ፦
«ግን ይጻፍለት። የማላውቀው ሰው አደራ ነው።»

አራት ሺህ ሰቅል ከምናምን፣ በዐሥር ወር የሚከፈል።
ፈረመ፤ ፊርማው ሦስት ኩርባ፣ መጨረሻው ላይ ገደል።

ስፖኪዮውን ሁለቴ አይቶ፣ ቀበቶዬን በእጁ ሳበ፤
በሃያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ወደ አደባባዩ ቀረበ።
ከኋላችን ጡሩምባው ይጮሃል።
አንድ ልጅ በኤሌክትሪክ ብስክሌት፣
ጆሮውን ደፍኖ፣ ስልኩን እያየ፣ ፊታችን ጥልቅ አለ።

አባቴ ቆመ።
መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ መዳፉን እንደ ትራፊክ ዘርግቶ፣
«እለፍ» አለው በአማርኛ፣
«እለፍ፣ ሦስተኛ ወገኔ።»