ባለዕዳው

ከጤፍ ይተልቃል፣ ከሰሊጥ ያንሳል፤
ባልተጠና ዓይን ፊት አፈር ይመስላል።
ከቦጎር ዝናብ ሥር፣ ከመስኮቱ ጥግ፣
የማጉያውን መብራት ዝቅ ከፍ ሳደርግ
ዘጠኝ ቀን ቆየሁኝ ከአንድ ወንድ ጋራ፣
እግሩን ሰብስቦ ሞቶ ስሙ ካልተጠራ።

ከሱላዌሲ ደን፣ ከተራራው ወገብ፣
የረገፈ ቅጠል በወንፊት ሲሰበሰብ
ከምስጥ ከሸረሪት ተቀላቅሎ መጣ፤
ከአልኮል ብልቃጥ ውስጥ በወረንጦ ወጣ።

አስቀድሜ ኩምቢው። እንደ ዝሆን አይደል፤
ወደ ደረቱ ሥር የታጠፈ በትር ያህል።
ጫፉ ላይ ጥርስ አለ፣ ለራሱ የሚበቃ፤
አንቴናው ክርን አለው፤ ይታጠፋል፣ በቃ።
ደረቱ ነጥብ ነጥብ፣ በወስፌ እንደተወጋ፤
ጀርባው ጥቁር መዳብ፣ ብርሃን ሲጠጋ።
ሁለቱ ሽፋኖች ከመሃል ተሰፍተው
አንድ ሆነው ቀሩ፤ መክፈቻም የላቸው።
ከሥራቸው ክንፉን ፈለግሁት፤ የለም።
ይህ ፍጡር ከመሬት ተነስቶ አያውቅም።

ከዚያ ወደ ዳሌው። እዚህ ላይ ቆምኩኝ።
የጭኑን ሥር ፈትቼ ባየው አልገባኝ።
ብሎን ነው፤ ጥርስ ያለው፣ ዞሮ የሚገባ፤
ዳሌው ደግሞ ዳዶ፣ ልኩ ያልተዛባ።
ጋራዥ ያለው ወንድሜ ፎቶውን ሲያይ ሳቀ፤
«የስንት ቁጥር ቁልፍ ይፈታዋል?» ጠየቀ።

አሁን ዘሩን ልቁጠር እስከ ሰባት ቤት፦
ስፍኑ እንስሳ ነው፣ እኔም ያለሁበት፤
ክፍለስፍኑ፣ እግሩ አንጓ አንጓ የሆነ፤
መደቡ፣ በስድስት እግር የተማመነ፤
ክፍለመደቡ ጢንዚዛ፣ ጀርባው ጋሻ ያለው፤
አስተኔው . . . ልናገር? . . . ነቀዝ ነው።

ነቀዝ!
የአባቴን ሩዝ ዱቄት ያደረገ፣
በጎተራችን ውስጥ ወልዶ ያሳደገ፣
እኔና እህቶቼን በለቀማ ያስቀረ፣
ሌላው ሲዋኝ እኛን ወንፊት ሥር ያሰረ።

ወገኑም ታወቀ። ዝርያው ግን እንቢ አለ፤
ከዘመዶቹ ጋር አንዱ አንዱን አከለ።
ዶክተር ሱባግጃ ጉሮሮውን ጠርጎ
«ሆዱን ክፈቺ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤
«የወንድነቱ ቅርፅ ነው ትክክለኛው ምልክት፤
ቁልፍ ነውና፣ የሚያውቀው የራሱ ዝርያ ሴት።»

ከፈትሁ። አንድ ቅስት፣ ከፀጉር የቀጠነ፣
ጫፉ አንገቱን ደፍቶ ወደ ግራ ያዘነ።
አዲስ ነው! ስል ብድግ፣ ጉልበቴ ጠረጴዛ መታ፤
ግራ የኋላ እግሩ ብን አለ በአንድ አፍታ።
በግንባሬ ተደፋሁ፣ ወለሉን ዳበስሁ፤
አቧራና ክር እንጂ እግር መች አገኘሁ።

ማታ ከቶራጃ አባቴ ደወለ፤
«ዛሬስ ምን ሠራሽ?» አለ። «ነቀዝ» ስል ዝም አለ።
ከዚያ ሳቀ፣ ሳለ። «ዳማሪስ፣ ዕድሜዬን ሙሉ
እኔ የገደልሁትን እነሱ ስም ይሰጣሉ?»
ነገርሁት መልኩን፦ ጥቁር፣ ክንፍ የሌለው፣
ሲነኩት ኩርምት ብሎ ሞት የሚያስመስለው።
«የሩዙስ አይደለም» አለኝ ጥቂት ቆይቶ፤
«የሩዙ ይበር ነበር ፀሐይ ሲሞቅ ወጥቶ።
ያንቺው ባለዕዳ ነው፤ እኛ ልጆች ሳለን
ከቅጠል ሥር አውጥተን እንዲህ ብለን ጠራን።
ሲመጣ ቀራጩ፣ አጎቴ ሩሩክ እግሩን ሰብስቦ
እንዲሁ ይሞት ነበር፣ ምንጣፍ ተከናንቦ።»

ዶክተሩም ወደደው፣ ወደ ላቲን ገለበጠ፤
ባለዕዳው ስም አገኘ፣ መዝገብ ላይ ተቀመጠ።
አሁን በካርቶን ጫፍ፣ በሙጫ ጠብታ ላይ
ቆሟል በአምስት እግሩ፣ ማንንም ሳያይ።
በቀዩ መለያ፣ ከስሙ ዝቅ ብዬ፣
ቁመቱን፣ ቦታውን በብዕር ነጥዬ፣
ጨመርሁበት፦ «ግራ የኋላ እግር የለም።»
ዕዳው የማን እንደሆነ ግን አልጻፍሁም።